«ሙቱም ተባሮ ዩቬንቱስ ገባ» ለሚል ወንድም ምን ይመለስለታል?

ጥያቄ፦

«ታናሽ ወንድሜ 21 ዓመቱ ነው፤ አጥቂ ነው። አምና ከአንድ ክለብ ጋር የ3 ዓመት ውል ፈረመ፤ የፊርማ ገንዘቡን አምጥቶ እናታችን ጉልበት ላይ ሲያስቀምጥ እናታችን አልቅሳለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን በርጫ ለመደ። ማታውን በጨብሲ ያሳልፍና ልምምድ ይቀራል፤ የሄደ ቀንም ዐይኑ ቀልቶ ነው የሚሄደው። ክለቡ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥቶታል። ወኪል ነኝ የሚል አንድ ሰው ደግሞ ውሉን ጥሎ እንዲመጣ፣ ሌላ ክለብ እንዳዘጋጀለት፣ የቀረውን እነሱ እንደሚጨርሱ እየነገረ ልቡን አሸፍቶታል። እኔ በወጣትነቴ የአድሪያን ሙቱ አድናቂ ስለ ነበርኩ፣ ይማርበት ብዬ ኮኬይን ወስዶ ከቼልሲ የተባረረበትን ታሪክ አጫወትኩት። እርሱ ግን ‹ታዲያ ተባሮ ዩቬንቱስ ገባ አይደል?› ብሎ አፌን አስያዘኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ለአሰልጣኙስ ሄጄ ብናገር ወንድሜን አሳልፌ መስጠት ይሆንብኛል?»

ግራ የገባኝ ታላቅ ወንድም፣ ከአዳማ

ምላሽ፦

ውድ ወንድሜ፣ ታናሽዎ የተናገረው ውሸት ስላልሆነ በቁጣ ሊመልሱት አይችሉም። አድሪያን ሙቱ በኦክቶበር 2004 ከቼልሲ ተባርሮ፣ ገና እገዳ ላይ ሳለ፣ በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ በዩቬንቱስ እጅ ገብቷል። ችግሩ ሌላ ነው፤ እርስዎ ታሪኩን መባረሩ ላይ አቆሙት፣ ወንድምዎ ደግሞ ዩቬንቱስ መግባቱ ላይ አቆመው። ዋናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ እርሱም ዛሬ ከወንድምዎ እጅ ካለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና ወኪል ነኝ ባዩ ሰው ከሚያወራው ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው። ስለዚህ ቀሪውን ልንገርዎ፣ እርስዎም እንዳለ ይንገሩት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙቱ በጃንዋሪ 1979 በሩማንያዋ የአርጄሽ አውራጃ ተወለደ፤ በአካባቢው ክለብ በአርጄሽ ፒቴሽቲ ጀምሮ፣ ወደ ዋና ከተማው ወደ ዲናሞ ቡካሬስት ተሻግሮ፣ በ2000 መጀመሪያ ገና በ21 ዓመቱ ማለትም በወንድምዎ ዕድሜ ኢንተር ሚላን ገባ። ኢንተር ውስጥ ብዙም ስላልተሰለፈ ቬሮና ወርዶ ሁለት የውድድር ዘመን ሠራ። ከዚያ በ2002 ፓርማ ሄዶ፣ በአሰልጣኝ ቼዛሬ ፕራንዴሊ ሥር፣ ከብራዚላዊው አድሪያኖ ጋር ተጣምሮ በአንድ የሴሪ አ ዘመን 18 ጎል አስቆጠረ። በሁለቱም እግሩ የሚመታ፣ ከክንፍ ተነሥቶ ወደ መሐል የሚገባ፣ ቅጣት ምት የሚያውቅ አጥቂ ነበር። የሮማን አብራሞቪች ገንዘብ ቼልሲ እንደ ገባ በመጀመሪያው ክረምት ከተገዙት አንዱም እርሱ ሆነ፤ ለፓርማ የተከፈለው 22.5 ሚሊዮን ዩሮ ሲሆን ውሉ የ5 ዓመት ነበር። ይህችን 22.5 ሚሊዮንና ይህችን 5 ዓመት ይያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

አጀማመሩን እርስዎም ያስታውሱታል። በኦገስት 2003 በመጀመሪያ ጨዋታው ሌስተር ላይ አገባ፣ ብላክበርን ላይ ደገመ፣ ቶተንሃም ላይ ሁለት ጨመረ፤ በሦስት ጨዋታ አራት ጎል። እኔ ያን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማልቀርበት ዲኤስቲቪ ቤት፣ በሻይ ብርጭቆ መሐል ስሙን «ሙቱ! ሙቱ!» እያሉ የሚጮኹ ልጆች ትዝ ይሉኛል፤ ስሙ በእኛ ቋንቋ ምን እንደሚመስል አንዱ ሲቀልድበት የሳቅነውም ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ግን ጎሉ ደረቀ። ዘመኑን በሙሉ በሊጉ ያስቆጠረው 6 ብቻ ነበር። በ2004 ክረምት ጆዜ ሞሪንሆ መጣ፣ ሁለቱ አልተጣጣሙም፤ ሙቱ ለብሔራዊ ቡድኑ ከቼክ ሪፐብሊክ ጋር ለመጫወት ጤነኛ ነኝ ሲል አሰልጣኙ አይደለም፣ ተጎድቷል በማለቱ ፀቡ አደባባይ ወጣ። በዚያው ሰሞን የተወሰደው ናሙና ኮኬይን ተገኘበት። ክለቡ በኦክቶበር መጨረሻ አሰናበተው፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበርም በኖቬምበር 7 ወር አገደው፣ 20 ሺህ ፓውንድም ቀጣው።

እዚህ ላይ ወንድምዎ ልብ እንዲለው የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሙቱ ራሱ ከዓመታት በኋላ ሲናገር ያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ብቸኛና ያዘነ ሰው እንደ ነበረ፣ እርዳታ መጠየቅ ሲገባው ለማንም እንዳልተናገረ ገልጿል፤ ይህም ላደረገው ነገር ማመካኛ እንደማይሆን አልሸሸገም። ልጁ ሰነፍ ወይም ባለጌ ስለ ሆነ ብቻ አልነበረም የወደቀው። የእርስዎም ወንድም ምናልባት ከቤት ርቆ፣ ከእኩዮቹ የበለጠ ገንዘብ በኪሱ ይዞ፣ ከልምምድ በኋላ ያሉትን ረጃጅም ከሰዓታት የሚያሳልፍበት ቦታ አጥቶ ይሆናል በርጫ ቤት የገባው። ከመቆጣትዎ በፊት ይህን ይጠይቁት።

አሁን ወደ ዩቬንቱስ እንምጣ። በጃንዋሪ 2005 ዩቬንቱስ ሙቱን ሲፈልገው ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሆኑ ተጫዋቾች የተፈቀደለት ቦታ ሞልቶ ስለ ነበር (ሩማንያ ያን ጊዜ ገና የኅብረቱ አባል አልነበረችም)፣ ልጁ በመጀመሪያ በሊቮርኖ ስም ፈረመ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ወደ ዩቬንቱስ ተዛወረ። ወንድምዎ የሚያደንቃት ዝውውር ይህች ናት። በእርግጥም ብልጠት አለባት፤ «የቀረውን እኛ እንጨርሳለን» የሚሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር በደንብ ያውቁበታል። ነገር ግን ሙቱ በቱሪን ልምምድ ሲጀምር ቼልሲ በሌላ በኩል ማስረጃውን እያጠናቀረ ነበር።

ቼልሲ ያነሣው ክስ ስለ ኮኬይን አይደለም፣ ስለ ውል ነው። ተጫዋቹ ያለ በቂ ምክንያት ውሉን በራሱ ጥፋት አፍርሷል የሚለው ነጥብ በመጀመሪያ በ2005 በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ የይግባኝ ኮሚቴ ፊት ተረጋገጠ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ፣ ማለት ሎዛን ያለው ካስ፣ አጸናው። ከዚያ የቀረው ጥፋቱ ስንት ያስከፍላል የሚለው ነበር። በ2008 ፊፋ 17,173,990 ዩሮ ክፈል ብሎ ወሰነ።

ይህ ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ ወንድምዎም አሰላሉን ቢረዳው ነው የሚጠቅመው። ክለቡ 22.5 ሚሊዮኑንና ተጓዳኝ ወጪዎቹን ያወጣው ለ5 ዓመት አገልግሎት ነው። ወጪው በሂሳብ መዝገቡ ላይ በየዓመቱ እየተከፋፈለ የሚቀነስ ሲሆን፣ ሙቱ ሲሰናበት ያለፈው አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ነበር። እንግዲህ ክለቡ ከፍሎ ያልተጠቀመበት ቀሪው ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ዋጋ በሙሉ በተጫዋቹ ትከሻ ላይ ወደቀ። ቤት ለ5 ዓመት ተከራይቶ ኪራዩን አስቀድሞ የከፈለ ሰው በሁለተኛው ዓመት ቢባረር ቀሪውን ገንዘቤን መልሱ እንደሚለው መሆኑ ነው። ልዩነቱ ያንን የዝውውር ገንዘብ ሙቱ በእጁ ነክቶት አያውቅም፤ የተከፈለው ለፓርማ ነበር። ፍርዱ ከባድ ነው፣ ተገቢ ነው ወይ ብለው ቢጠይቁኝ ብዙ የሕግ ሰዎችም ይከራከሩበታል፤ እኔም በግሌ ያባረረው ራሱ ክለቡ ሆኖ ሳለ ሙሉውን ወጪ ከተጫዋቹ መጠየቁ የበዛ ይመስለኛል። ሆኖም የእኔም የእነርሱም አስተያየት ሳንቲም አልቀነሰለትም። በጁላይ 2009 ካስ ውሳኔውን አጸና፣ በዓመት 5 በመቶ ወለድም ታከለበት፤ ይህ ብቻውን በዓመት ከ850 ሺህ ዩሮ በላይ ይሆናል። በ2010 የስዊዘርላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይግባኙን አልተቀበለም። ሙቱ በዚህ ሳይቆም ስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሄደ፤ በኦክቶበር 2018 እዚያም አልቀናውም። ከቼልሲ ሲባረር 25 ዓመቱ ነበር፣ ይህ የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ 39 ሆኖታል፣ ጫማውንም ሰቅሏል።

ለወንድምዎ ከሁሉ በላይ ማስረዳት የሚኖርብዎ ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። በፊፋ ደንብ ውል ያፈረሰ ተጫዋችን የወሰደ አዲስ ክለብ ካሳውን ከተጫዋቹ ጋር በአንድነት ሊጠየቅ ይችላል። በዚህ መሠረት ፊፋ በ2013 ሊቮርኖንና ዩቬንቱስን አብራችሁ ክፈሉ አላቸው። እነርሱም ካስ ሄደው፣ በ2015 መጀመሪያ ነጻ ወጡ፤ ልጁን እኛ አላስኮበለልነውም፣ ያሰናበተው ራሱ ቼልሲ ነው የሚለው ክርክራቸው አሸነፈላቸው። ዕዳው የሙቱ ብቻ ሆኖ ቀረ። «የቀረውን እኛ እንጨርሳለን» የሚለው ሰው በጽሑፍ ምን እንዳሰፈረ፣ ስሙና ፊርማው የት ላይ እንዳለ ወንድምዎ ይጠይቀው። ከዩቬንቱስ የሚበልጥ ጠበቃ ያለው ወኪል አይመስለኝም፤ ዩቬንቱስ ግን ጠበቃውን ያቆመው ለራሱ ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሙቱ ከተባረረ በኋላ ጥሩ ዘመን አላየም ማለት አይቻልም፤ ይህን ከደበቁት ወንድምዎ አያምንዎትም። ዩቬንቱስ በ2006 ካልቾፖሊ በተባለው የዳኞች ምደባ ቅሌት ወደ ሁለተኛው ሊግ፣ ወደ ሴሪ ቢ ሲወርድ ሙቱ በ8 ሚሊዮን ዩሮ ወደ ፊዮረንቲና ሄደ፤ ፕራንዴሊን መልሶ አገኘ። በመጀመሪያው ዘመን ከሉካ ቶኒ ጋር እያንዳንዳቸው 16 የሊግ ጎል አስቆጠሩ፤ ቶኒ ከሄደ በኋላ ሙቱ ለብቻው 17 አገባ፣ ቡድኑ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ በዩኤፋ ካፕም እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። የሩማንያ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችነትን አራት ጊዜ ወስዷል፤ ከእነዚያ ሦስቱ ከቼልሲ ከወጣ በኋላ የተገኙ ናቸው። ለብሔራዊ ቡድኑ በ77 ጨዋታ 35 ጎል አለው፤ ይህ ከ120 በላይ ጨዋታ ካደረገው ከታላቁ ጌዮርጌ ሃጂ ጋር እኩል ነው። በጁን 2008 ዙሪክ ላይ፣ በአውሮፓ ዋንጫ፣ የዓለም ሻምፒዮኗን ጣሊያንን የመራበትን ጎል ያገባው እርሱ ነው፤ ጣሊያናዊው ፓኑቺ ወዲያው አቻ አደረገ። በ81ኛው ደቂቃ ሩማንያ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች፣ ሙቱ መታ፣ የጣሊያኑ ግብ ጠባቂ ቡፎን በእጁም በእግሩም ተጋግዞ አዳነው። ኳሷ ብትገባ ጣሊያን በምድቡ ጨዋታ ወደ ቤቷ በተመለሰች ነበር። እኔ ይህን ሰው ሳስብ ከኮኬይኑ ይልቅ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይህ ምት ነው፤ ግን ከጉዳያችን ወጣሁ።

ወደ ጉዳያችን የሚመልሰን የ2010 ነገር ነው። በጃንዋሪ 2010 ከፊዮረንቲና ሁለት ጨዋታዎች በኋላ የተወሰዱ ናሙናዎች ሲቡትራሚን ተገኘባቸው። ይህ የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ፣ ለመክሳት የሚዋጥ ክኒን ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው፤ እንዲያውም በዚያው ወር የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ለልብ አደገኛ ነው ብሎ ከገበያ እንዲታገድ ሐሳብ አቅርቧል። ሱስ አይደለም፣ ስካር አይደለም፣ ሳይጠይቁ የተዋጠ ክኒን ነው። የጣሊያን የፀረ አበረታች ቅመሞች ፍርድ ቤት ግን ዘጠኝ ወር ቀጣው፤ አንድ ጊዜ ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረን ሰው «አላወቅሁም» ሲል ማን በቀላሉ ያምነዋል?

እንግዲህ ጫቱን በተመለከተ። ብዙ ልጆች ጫት በአገራችን ያልተከለከለ ስለ ሆነ በስፖርቱም ያልተከለከለ ይመስላቸዋል። በጫት ውስጥ ያሉት ዋነኞቹ አነቃቂዎች ካቲኖንና ካቲን ሁለቱም በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ውስጥ በውድድር ጊዜ ከተከለከሉት ይገኛሉ፤ ካቲን በሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮ ግራም ከበለጠ ጥፋት ነው። የውድድር ጊዜ የሚባለውም የጨዋታው ዋዜማ እኩለ ሌሊት ሊሞላ ሲል ይጀምራል፤ ዋዜማ ከሰዓት የተቃመ ጫት ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ከሰውነት ወጥቶ አያልቅም። አንድ ነገር ልጨምር። ከ2021 ወዲህ ኮኬይንን የመሳሰሉ ጥቂት ነገሮችን ከውድድር ውጭ፣ ብቃት ለመጨመር ሳይሆን የወሰደ ስፖርተኛ የ3 ወር እገዳ ብቻ ይጣልበታል፣ ሕክምና ከገባም ወደ 1 ወር ይወርድለታል። ሙቱ በዛሬው ሕግ ቢሆን ምናልባት ቀለል ይልለት ነበር። ካቲኖንና ካቲን ግን በዚያ ልዩ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ በእነርሱ የተያዘ ተጫዋች እገዳው በዓመታት ሊቆጠር ይችላል። ስለ ኮኬይን የሰማውን ምሕረት ለጫት አይጠብቅ።

ለአሰልጣኙ ልንገር ወይ ላሉት፣ መጀመሪያ ከጀርባው አይሂዱ። ወንድምዎን ይዘው አብረው ይሂዱ፣ የሚናገረውም ራሱ ይሁን። ሙቱ በተባረረ ጊዜ የእንግሊዝ የተጫዋቾች ማኅበር ክለቡ ልጁን ከማሰናበት ይልቅ ሕክምና ሊያስገባው ይገባ ነበር ብሎ ወቅሷል። ይህን ወቀሳ የተናገሩት ግን ነገሩ ከወጣና ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ነው። የእርስዎ ወንድም ገና ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ነው፤ ናሙና አልተሰጠም፣ ውል አልተቋረጠም። ራሱ ቀርቦ «ችግር አለብኝ፣ ልታገዝ» ያለን ልጅና ተይዞ የመጣን ልጅ ክለብ በአንድ ዐይን አያይም፣ ለክለቡም ቢሆን የከፈለበትን አጥቂ ማዳን ከመክሰስ ይሻለዋል። አልሄድም ካለ ቀን ይስጡት፣ ለምሳሌ እስከሚቀጥለው ሰኞ፤ ካልሄደ እርስዎ እንደሚሄዱ በግልጽ ይንገሩት። እየነገሩት ማድረግና በስውር ማድረግ አንድ አይደሉም፣ አሳልፎ መስጠት የሚባለው በስውር የሚደረገው ነው።

አንድ ሥጋት ግን አለኝ፣ እርሱም የአፍ ነገር ነው። ሙቱ በ2011 ከብሔራዊ ቡድን ጋር ሳለ በጨዋታ ዋዜማ መጠጥ ቤት ተገኝቶ ታገደ፣ ምሕረት አግኝቶ ተመለሰ። በ2013 ሩማንያ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በግሪክ ከተሸነፈች በኋላ የአሰልጣኙን የቪክቶር ፒዙርካን ፊት በሚስተር ቢን ምስል ላይ የለጠፈ ፎቶ በፌስቡክ አጋራ፤ 35ኛው ጎል ላይ እንደ ቆመ ዳግም ለአገሩ አልተሰለፈም፣ ከሃጂ የሚበልጥበትን አንዲት ጎል ሳያገኝ ቀረ። ወንድምዎም በነዚህ ሳምንታት ስለ ክለቡ በስልኩ ምንም ነገር እንዳይጽፍ፣ ወኪል ነኝ ከሚለው ሰው ጋርም በቴሌግራም ስለ ውሉ እንዳይጻጻፍ ይንገሩት፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ኋላ በማስረጃነት ሊቀርብበት ይችላል።

ውሉን ደግሞ እባክዎ ዛሬውኑ ያውጡትና ያንብቡት። የዲሲፕሊን አንቀጹን፣ ከስንት ማስጠንቀቂያ በኋላ ማሰናበት እንደሚቻል የሚናገረውን፣ የፊርማ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል የሚል ነገር ካለ እርሱን፣ በቀይ ያስምሩበት። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁምና የሥራ ውል ለሚያውቅ ጠበቃ ለአንድ ሰዓት ምክር የሚከፈል ገንዘብ አይቆጥቡ። ለሁለቱ ደብዳቤዎች በጽሑፍ መልስ ሰጥቶ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ካልሰጠ፣ ጥፋቱን አምኖ መታገዝ እንደሚፈልግ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ጽፎ ለክለቡ ጽሕፈት ቤት ያስገባ፣ አንዱን ቅጂ ማኅተም አስደርጎ ለራሱ ያስቀር። ሌላው ክለብ እውነት ከሆነ ወደ ወንድምዎ በምሽት ስልክ ሳይሆን ወደ ክለቡ በደብዳቤ ይምጣ፤ የዝውውሩን ዋጋ ሁለቱ ክለቦች ይነጋገሩበት። ያ ሰው ይህን ሲሰማ ስልኩን ማንሣት ካቆመ እርሱም ራሱ መልስ ነው።